ተፈላጊው ሰው

ልጅቷ ወደ ስቱዲዮው የመጣችው በሁለት ትዕይንቶች መካከል፣ ሠራተኞቹ የምርመራ ክፍሉን አንድ ግድግዳ ነቅለው ካሜራው በሌላ በኩል እንዲገባ በሚያመቻቹበት ሰዓት ነበር። በር ላይ ያለው ጥበቃ «ፎቶ አንሺውን ፈልጋ ነው» ብሎ ወደ እኔ አመጣት። የማን ልጅ እንደሆነች ከመናገሯ በፊት ከግንባሯ አወቅኳት። አባቷ በዚህ የወንጀል ድራማ ላይ ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ 11 ዓመት ሙሉ መብራት ሲያቆሙ የኖሩ፣ ከዳይሬክተሩ እስከ ጥበቃው ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው ሰው ነበሩ። ካረፉ አራት ወር አልፏቸዋል።

«የአባቴን ፎቶ እንዲሰጡኝ ልለምንዎት ነው የመጣሁት» አለችኝ። «እቤት ያለን የመታወቂያው ፎቶ ብቻ ነው። ለቀብሩ ያሳደግነው እሱን ነበር፤ ሲያሳድጉት ግን ፊቱ ሁሉ ነጠብጣብ ሆነ።»

«እሱማ ቀላል ነው፣ እህቴ። ነገ እልክልሻለሁ» አልኳት። ይህን ያልኳት ከልቤ ነበር። በዚህ ድራማ ቀረጻ ላይ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ከ300 ሺህ ይበልጣሉ፤ ጋሼ ደግሞ ከሥራ የቀሩበትን ቀን አላስታውስም። ያቺ «ነገ» ግን 17 ቀን ፈጀች። ልጅቷ አንድም ቀን ደውላ አልወቀሰችኝም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም መዘግየቱ አይደለም።

ከሌንሱ ጎን ያለች ስንዝር

በቀረጻ ቦታ የፎቶ አንሺ ርስት ከዋናው ካሜራ ሌንስ ጎን ያለች አንዲት ስንዝር ቦታ ናት። ወደ ግራ ፈቀቅ ቢል የድምፅ ባለሙያውን፣ ማይክ የሚንጠለጠልበትን የቡም ዘንግ ይነካል፤ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ቢል ተዋናዩ በሚያይበት መስመር ውስጥ ይገባል፣ ይህ ደግሞ ከጥፋቶች ሁሉ የከፋው ነው። የልጇን አስከሬን ለመለየት የመጣች እናት ሆና የምታለቅስ ተዋናይት ቀና ስትል ማየት ያለባት መርማሪውን እንጂ አንገቱ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው አይደለም። ፍላሽ አይታሰብም፤ ድምፅም አይታሰብም።

የመጀመሪያ ዓመታቴን የሠራሁት ብሊምፕ የሚባለውን፣ ውስጡ በስፖንጅ የተሞላ ጠንካራ ሣጥን ተሸክሜ ነው። ካሜራው እዚያ ውስጥ ይቀመጥና፣ ፎቶ ሲነሳ የውስጥ መስታወቱ የሚያሰማው ቀጭታ ታፍኖ ይቀራል፤ በምሽት ግን ትከሻ የእኔ አልመስል ይላል። መስታወት አልባዎቹ ካሜራዎች ያለ ድምፅ ማንሳት ሲጀምሩ፣ በእኛ ሙያ በተለይ የሶኒው ኤ9 እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣ በኋላ፣ ሣጥኑ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ይሁን እንጂ ዝምታውም የራሱ ዕዳ ነበረው። ያለ ድምፅ የሚያነሳው ኤሌክትሮኒክ ሹተር ምስሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን መስመር በመስመር ስለሚያነበው፣ ለዓይን በማይታይ ፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚል መብራት በፎቶው ላይ አግድም ጥላ ጥሎ ያልፋል። ብዙዎቹ የኤልኢዲ መብራቶች ብርሃናቸው የሚቀነሰው በፍጥነት እየበሩና እየጠፉ በመሆኑ፣ ችግሩ የሚብሰው ደብዘዝ ባሉ ትዕይንቶች ላይ ነው፤ የወንጀል ድራማ ደግሞ ደብዘዝ ያላለ ትዕይንት የለውም።

ይህን ነገር ከማንም በፊት የተረዱልኝ ጋሼ ነበሩ። አዲስ መብራት ባስገቡ ቁጥር ከጨለማው ውስጥ ወደ እኔ ዞረው ሁለት ጣታቸውን አግድም ያሳዩኛል፤ «ይሄኛው ሰንበር ያወጣብሃል» ማለታቸው ነው። እኔም ሹተሬን አስተካክላለሁ ወይም ልምምዱን ብቻ አንስቼ ቀረጻውን እተወዋለሁ። ሁለት ጣታቸውን ስንት መቶ ጊዜ እንዳየሁ አላውቅም፤ ፎቶ ያነሳሁት ግን አንድም ጊዜ የለም።

የምናነሳው ፎቶ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ራሱን ትዕይንቱን ይመስላል፤ ለማስታወቂያ የሚውለው እሱ ነው። ሁለተኛው «ከመጋረጃ በስተጀርባ» የሚባለው ነው፤ ተመልካች ከዚህ ምን እንደሚወድ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፦ ደም በተቀባ ሸሚዝ ሻይ የሚጠጣ ገዳይ፣ ሽጉጡ ወገቡ ላይ እንዳለ ወንበር ላይ እንቅልፍ የጣለው መርማሪ፣ ነጭ ጨርቁን ከፊቷ ገልጣ ስልኳን የምትነካካ አስከሬን። እንዲህ ያለው ፎቶ ከሌላው ድራማ ሁሉ ይልቅ በወንጀል ድራማ ላይ የሚወደድበት ምክንያት አለው ብዬ አምናለሁ። ድራማው በየሳምንቱ አንድ ሰው ይገድላል፤ ፎቶው ደግሞ የሞተውን ያስነሳዋል። ተመልካቹ «ለካ ደህና ናት» ብሎ ይተነፍሳል። ለዓመታት የሠራሁት ሥራ ይኸው ነው፤ ስልክ የሚነካኩ ሙታንን ማንሳት።

«ሰው ገብቷል»

ያን ዕለት ማታ ኮምፒውተሬን ከፍቼ በጋሼ ስም ፈለግኩ። ምንም አልወጣም። በማኅደሬ ውስጥ ስማቸው የተጻፈላቸው ቋሚ ተዋናዮች፣ እንግዳ ተዋናዮችና ዳይሬክተሮች ናቸው። ውሻ እንኳ አለ፤ በአምስተኛው ምዕራፍ አደንዛዥ ዕፅ ሲያነፈንፍ የነበረው ውሻ በስሙ 214 ፎቶ አለው። ጋሼ የሉም።

ስለዚህ በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ፤ ከመጀመሪያው ቀን ተነስቼ፣ ቀን በቀን። መጀመሪያ ያገኘሁት እጃቸውን ነው። አውራ ጣቱ ላይ በአምፖል ሙቀት የተቃጠለ ቀዳዳ ያለበት የቆዳ ጓንት ያጠለቀ እጅ፣ ብርሃን የሚከልል ጥቁር ጨርቅ ይዞ ከፍሬሙ ግራ ጠርዝ ብቅ ብሏል። ቀጥሎ ጀርባቸውን አገኘሁ፤ ቀጥሎ መሰላል ላይ የቆመ ጫማቸውን። ግማሽ ፊታቸውን ያገኘሁት በምርመራ ክፍሉ መስታወት ውስጥ ነው። ያ መስታወት የሁላችንም ጠላት ነው፤ ተጠርጣሪው ከፊቱ ተቀምጦ ሲላብ መስታወቱ ከኋላው እኛን፣ ካሜራችንን፣ ኬብላችንን ሁሉ ያሳያል፤ ስለዚህ በጥቁር ጨርቅ እንሸፈናለን። ጋሼ ጨርቁን ለመወጠር ሲንጠራሩ ጥጉ ወድቆባቸው አንድ ዓይናቸውና ግማሽ ጺማቸው ታይቷል። ለማስታወቂያ ክፍሉ በላክሁት ቅጂ ላይ ግን እሱም የለም፤ በቦታው ንጹሕ ግራጫ ግድግዳ አለ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም።

ማስታወሻውን ልብ ያልኩት በአራተኛው ሌሊት ነው። አንድን ፎቶ ስጥል ምክንያቱን በአጭሩ የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ ጥፋቴን እንዳልደግመው ብዬ የጀመርኩት ነው። «ደብዝዟል»፣ «ዓይኑን ጨፍኗል»፣ «ማይክ ይታያል» የሚሉ አጫጭር ቃላት ናቸው። ጋሼ የታዩባቸው ፎቶዎች ሁሉ ግን ከሥራቸው ያለው ጽሑፍ አንድ ነበር፦ «ሰው ገብቷል»።

ከወንበሬ ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሰው ገብቷል። አማርኛው ስህተት የለበትም፤ በእርግጥም ሰው ገብቷል። ሌንሱ ያላሰበው ሰው ገብቶ ተገኝቷል፤ እኔም መግባቱን መዝግቤ አስወጥቼዋለሁ። በእነዚያ ሁለት ቃላት ብቻ ስፈልግ ወደ 6 ሺህ የሚጠጋ ፎቶ ወጣ። የጋሼ ማኅደር ለካ እዚያ ነበር። እሳቸው ብቻ አልነበሩም። የሜካፕ ባለሙያዋ የሟቹን ቁስል በቡሩሽ እያደሰች፣ ቡም ያዡ ልጅ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ ከቀረጻ ቀረጻ አንድም ነገር እንዳይለዋወጥ የምትጠብቀው የኮንቲኒዩቲ ኃላፊዋ እርሳሷን በጥርሷ ነክሳ የመርማሪውን ሲጋራ ርዝመት ስትለካ፣ ሁሉም እዚያ ተሰብስበዋል። ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለው ሕይወት በሙሉ ከመጣያው ውስጥ ነበር።

በዚያ ሌሊት ለራሴ ያቀረብኩትን መከላከያ አልደብቅም። ማስታወቂያ ክፍሉ ንጹሕ ፎቶ ይፈልጋል፤ ዋናዎቹ ተዋናዮች ያልወደዱትን ፎቶ የመሰረዝ መብት በውላቸው ላይ አላቸው፤ የመብራት ባለሙያ ፎቶ ላክልኝ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እውነት ነው፤ ሆኖም የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነበር። ማስታወቂያ ክፍሉ የሚያየው እኔ መርጬ የላክሁለትን ነው። ያልጠየቁኝን የውሻ ፎቶ 214 ጊዜ ያነሳሁት ማንም አስገድዶኝ አልነበረም።

ሌላም ሰበብ ነበረኝ፤ እሱ ትንሽ ይከብዳል። ጋሼና ጓደኞቻቸው ጥቁር የሚለብሱት ብርሃን እንዳያንጸባርቁ ነው፤ ሙያቸው አለመታየት ነው፤ ባለመታየታቸውም ይኮራሉ። እኔ ካሜራዬን ሳነሳ ጋሼ ጎንበስ ብለው ያልፉ ነበር፤ ስለዚህ ፎቶ አይወዱም ብዬ ደምድሜ ነበር። ፎቶዎቹን በተከታታይ ሳይ ግን የገባኝ ሌላ ነው። የሚያጎነብሱት ፍሬሜን እንዳያበላሹብኝ እንጂ ከእኔ ለመሸሽ አልነበረም። በእረፍት ሰዓት፣ አጠገቤ ኬብል ሲጠቀልሉ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ቀና ይበሉልኝ» ብላቸው እምቢ ይሉኝ ነበር? ጠይቄያቸው አላውቅም። የቅርብ ፀበል ልጥ ይነከርበታል።

የዘመን ርዝመት የሚሠራው ተንኮልም አለ። ለረጅም ዓመት የሚተላለፍ ድራማ ሁሉን ነገር የመዘገበ ይመስላል። ኒው ዮርክ ውስጥ የሚቀረጸው «ሎው ኤንድ ኦርደር፦ ስፔሻል ቪክቲምስ ዩኒት» እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ጀምሮ በ2019 ወደ 21ኛ ምዕራፉ ተሻግሯል፤ ማሪስካ ሃርጊቴይ መርማሪ ኦሊቪያ ቤንሰንን ሆና ከመጀመሪያው ክፍል አንስቶ ያሳለፈችውን ዕድሜ ከፎቶ ወደ ፎቶ መከተል ይቻላል። የእኛንም ዋና ተዋናይ ፀጉር ሽበት በየምዕራፉ ላሳያችሁ እችላለሁ። ያንን ሽበት ብር አስመስሎ ከኋላ ያበራው ሰው ግን እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ፍጥነት፣ አብሮ ሲሸብት ነበር።

ጀርመኖች «ታትኦርት» የሚባል የወንጀል ድራማ አላቸው፤ ከኅዳር 1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይተላለፋል። መክፈቻው ላይ የአንድ ሰው ዓይኖች ይታያሉ፣ የዒላማ መስቀል ያርፍባቸዋል፣ ከዚያም ሰውየው ይሮጣል። ያ መክፈቻ ከ50 ዓመት በላይ ብዙም ሳይለወጥ ሲታይ ኖሯል። የዓይኖቹ ባለቤት ሆርስት ሌተንማየር ለዚያ ሥራ የተከፈለው 400 ማርክ ነበር። አንድ ሕዝብ በሙሉ ዓይኑን የሚያውቀው፣ ስሙን ግን ጥቂቶች የሚያውቁት ሰው! ጋሼ ይህን ሳጫውታቸው «ቢያንስ የሱ ዓይን ገብቷል» ብለው ስቀው ነበር። ቀልዱን የተረዳሁት እጃቸውን ፍሬም ጠርዝ ላይ ሳገኘው ነው።

ከእውነተኛው የወንጀል ፎቶግራፍም ልማር የሚገባኝ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የኒው ዮርክን የሌሊት ግድያዎች ያነሳ የነበረው ዊጂ፣ በእውነተኛ ስሙ አርተር ፌሊግ፣ መኪናው ውስጥ የፖሊስ ሬዲዮ ስለነበረው አስከሬኑ ጋ ቀድሞ ይደርስ ነበር። ይሁን እንጂ በ1941 ብሩክሊን ውስጥ ካነሳቸው ፎቶዎች በጣም የታወቀው አስከሬኑ የማይታይበት ነው። ፎቶው ላይ ያሉት ሊያዩ የተጋፉ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዲት ሴት በመካከላቸው ታለቅሳለች። ዊጂ ጀርባውን ለሟቹ ሰጥቶ ካሜራውን ወደ ቆሙት አዞረ። እኔ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ካሜራዬን 180 ዲግሪ ያዞርኩባቸው ጊዜያት በጣት ይቆጠራሉ፤ ብዙዎቹም በስህተት ነበሩ።

የምርመራ ክፍሉ ግድግዳ

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጬ፣ የእጃቸውን ፎቶ ብቻ አትሜ ይቅርታ ልጠይቃት ወስኜ ወደ ቀረጻ ቦታው ገባሁ። የምርመራ ክፍሉ ተመልሶ ተገጥሟል። ዓይኔ የተፈላጊዎች ፎቶ በተለጠፈበት ግድግዳ ላይ አረፈ። ሦስተኛው ረድፍ፣ ከቀኝ ሁለተኛ። ጋሼ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ደረታቸው ላይ ይዘው ቀጥ ብለው ያዩኛል።

እዚያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ፊት ከየትም አይመጣም። የማይታወቅ ሰው ፎቶ አንስቶ «ተፈላጊ» ብሎ መለጠፍ ክስ ያስከትላል፤ ስለዚህ የአርት ክፍሉ ፈቃዱን በፊርማ የሰጠ ሰው ያስፈልገዋል፤ በቅርብና በነፃ የሚገኘው ደግሞ የራሳችን ሠራተኛ ነው። ድራማችንን በጥንቃቄ ያየ ሰው አናጢያችን በሁለት ግድያ፣ ሹፌራችን በባንክ ዘረፋ፣ የሒሳብ ሠራተኛችን በሰነድ ማጭበርበር እንደሚፈለጉ ያውቃል። እኔም ራሴ በአንድ ምዕራፍ መኪና ሰርቄያለሁ። ፎቶዎቹን የማነሳው እኔ ነኝ፤ አልፎንስ በርቲዮን በፓሪስ ፖሊስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ እንደደነገገው፣ አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን፣ በእኩል ብርሃንና በእኩል ርቀት። እነዚህ ፎቶዎች ግን የሚመዘገቡት በዕቃ ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ከሽጉጡና ከካቴናው ጋር። በሰው ስም ስፈልግ ያጣኋቸው ለዚህ ነበር።

ያን ቀን አስታወስኩት። በሰባተኛው ምዕራፍ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ አርት ክፍሉ አንድ ፊት ጎደለን ሲል ጋሼ ከመሰላል ላይ ወረዱ። «በምንድን ነው የምፈለገው?» አሉኝ። «በግድያ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ስንት ሰው?» «ሦስት።» «ሦስት! በአንድ ደመወዝ?» ብለው ሳቁ። መብራቱን ራሳቸው አስተካከሉ፤ እንዴት መቆም እንዳለባቸው እኔን መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ከዚያ ወዲህ ያንን ክፍል ባበሩ ቁጥር ግድግዳውን በእኩል ያበሩና የራሳቸውን ጥግ ትንሽ ያጨልሙታል። አንድ ጊዜ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ተፈላጊ ሰው ብርሃን አይወድም» አሉኝ።

ሦስት ፍሬሞች

ኦሪጅናሎቹን በዕቃ ዝርዝሩ ውስጥ አገኘኋቸው፤ ከፊት የተነሱት ሦስት ናቸው። በመጀመሪያው ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ይስቃሉ፤ ሰሌዳው ከእጃቸው ሊወድቅ ነው። በሁለተኛው ወደ ጎን ዞረው ለአንድ ሰው መልስ እየሰጡ ነው። ሦስተኛው ግድግዳው ላይ ያለው ነው። እኔ ምንም አልተጠራጠርኩም፤ የሚስቁበትን በትልቁ አሳትሜ ክፈፍ አስገባሁለት፤ ሁለቱን በትንሹ አተምኳቸው፤ የእጃቸውንም ፎቶ ጨመርኩ።

ልጅቷ በማግስቱ መጣች። የሚስቁበትን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። «ደስ ይላል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ስጦታ ያልበቃው ሰው እንጂ አባቱን ያገኘ ሰው ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ሦስተኛውን አነሳች። ዝም አለች።

«ይሄ ነው አባቴ» አለችኝ። «ማታ ሲገባ ጫማውን እስኪያወልቅ ማንም አያናግረውም ነበር። ፊቱ እንዲህ ነበር። ከዚያ በኋላ ነበር የሚስቀው።»

«ከታች ያለውን የተፈላጊ ቁጥር ልቁረጥልሽ?» አልኳት፤ እጄ ለመቁረጥ ምን ያህል የፈጠነ እንደሆነ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የታወቀኝ።

«አይቁረጡት። ጣቶቹ አሉበት» አለች።

የጓንቱንም ፎቶ ወሰደች። ልትወጣ ስትል ግድግዳውን ማየት እንደምትፈልግ ስለነገረችን ወደ ምርመራ ክፍሉ አስገባናት፤ የአርት ክፍሉ ኃላፊ ሳይጠየቅ ፎቶውን ከነመርፌዎቹ ነቅሎ ሰጣት። ጥጎቹ የታጠፉ፣ ስድስት ዓመት መብራት ያገረጣው ወረቀት ነበር። በቦታው ከሌላው ሰሌዳ ደመቅ ያለ አራት ማዕዘን ቀረ።

ያንን ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ትዕይንቱ ግን በግማሽ የተቀረጸ ነበር። በማግስቱ ጠዋት የኮንቲኒዩቲ ኃላፊዋ ያለፈውን ቀን ፎቶ ከግድግዳው ጋር እያስተያየች «ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ሰው ጎድሏል» አለች። ቀረጻው 40 ደቂቃ ቆመ። ሦስተኛውን ፍሬም እንደገና አተምኩ፤ አርት ክፍሉ በሻይ አገርጥቶ፣ ጥጎቹን አጥፎ በቦታው ሰቀለው። በጋሼ ቦታ የተቀጠረው ልጅ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ «ይሄ ጥግ ጨልሟል፤ ትንሽ ልጨምርበት?» ብሎ ጠየቀ። ኃላፊዋ ከፎቶው ላይ ዓይኗን ሳታነሳ «አይ፣ እንደነበረ ተወው» አለችው።